ሚርካት ሽኮኮ አይደለችም፤ ሽኮኮው ግን እኛም ዘንድ አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሰሞን ስለ ደቡባዊ አፍሪካ የዱር እንስሳት ጉብኝት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ስለ አንበሳውና ስለ ዝሆኑ የተባለው ደኅና ነው። ቅር ያሰኘን ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ሥር ያለው መግለጫ ነው። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ የቆመችው ትንሽ እንስሳ «የበረሃ ሽኮኮ» ተብላለች። ሽኮኮ አይደለችም፤ ሚርካት ናት። ወገኗ ሞንጉስ ከሚባሉት ቀጫጭን ሥጋ በሎች ሲሆን ጊንጥና ጥንዚዛ ከአሸዋ ቆፍራ ትበላለች። ሽኮኮ ደግሞ ሣርና ቅጠል በል ነው፤ ጥፍሩ ትንንሽ ኮቴ ይመስላል፤ የላይኛው የፊት ጥርሱ እንደ ዝሆን ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። ዝምድናውም ቢሆን ከአይጥ ወይም ከጥንቸል ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። ዛፍ ላይ የምትዘለዋን ጅራተ ጎፈሬ እንስሳም ሽኮኮ ማለት ስለተለመደ ስሙ ለሁሉም ትንሽ አውሬ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩ እርማት ብቻ ቢሆን በሁለት መስመር ባለቀ ነበር። ጽሑፉ ግን እንዲህ ያለውን ለማየት ኬፕ ታውን ድረስ መሄድ የግድ እንደሆነ አስመስሎ ነው የጨረሰው። ኬፕ ታውን ባለው ቴብል ተራራ ላይ ጎብኚ የሚከበው፣ የአገሩ ሰው «ዳሲ» የሚለው እንስሳ፣ ከደባርቅ ማዶ በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ራሱ ነው፤ ዝርያቸው አንድ ነው። ልብሷ ነብር የሚመስለው ትልቋ የየብስ ኤሊም ከኢትዮጵያ ጀምራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ያለች ናት። ደቡቦቹ፣ ማለትም የደቡባዊ አፍሪካ ሰዎች፣ የበለጡን ትንሹ እንስሳ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚወጣ ማጥናቱና ጎብኚውን በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ ማስቀመጡ ላይ ነው። «አምስቱ ታላላቆች» ከሚባሉት ከአንበሳ፣ ከነብር፣ ከዝሆን፣ ከአውራሪስና ከጎሽ ጎን «አምስቱ ትናንሾች» ብለው ዝርዝር አውጥተዋል፤ ዝሆን አፍንጫዋ አይጥ መሰል፣ ነብርማዋ ኤሊ፣ አንበሳ ጉንዳን የሚሉት አሸዋ ውስጥ ወጥመድ የሚቆፍረው ነፍሳት፣ አውራሪስ ጥንዚዛና ጎሽ ሸማኔ የተባለችው ወፍ። ስም ከስም ለማግጠም የተሠራ ጨዋታ ነው። ያም ሆኖ ስንቱን ጎብኚ አንገቱን ወደ መሬት አስደፍቶታል።

የጎንደር አካባቢ ትናንሽ እንስሳት ደግሞ አዲስ አይደሉም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል፣ በ1832 እና በ1833 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሰሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ገብቶ ሲመለስ ዋልያንና ጭላዳን ብቻ አልነበረም ለዓለም ያስተዋወቀው። በቀን የምትንቀሳቀሰውን የደጋ ሣር አይጥ በ1842፣ የኢትዮጵያን ደጋ እስስት በ1845 ስም ሰጥቶ መዝግቧል። ዋልያውን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እስስቷን ግን ዛሬም ልጆች በድንጋይ ይወግሯታል።

እንግዲህ ስለ ሰዓቱ እንናገር። ትናንሽ እንስሳትን የሚያወጣቸውም የሚከታቸውም በአብዛኛው ሙቀት ነው። እንሽላሊትና እባብ የራሳቸው የሰውነት ማሞቂያ የላቸውም። ሽኮኮ አጥቢ ሆኖ ሳለ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሌሎቹ አጥቢዎች አጥብቆ መያዝ ስለማይሆንለት ጧት ጧት ልክ እንደ እንሽላሊት ፀሐይ ካልሞቀ ሥራ አይጀምርም። ይህን ያልያዘ ተመልካች ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ገደል ሥር ይደርስና ባዶ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል።

ሽኮኮ የሚኖርበትን ቋጥኝ ለማግኘት እንስሳውን ሳይሆን ሽንቱን ይፈልጉ። ትውልድ በትውልድ አንድ ቦታ ስለሚሸና በድንጋዩ ላይ ኖራ የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ መስመር ይቀራል፤ ከሥሩም ጥቁር ቡናማ ሙጫ የመሰለ ክምር አለ። በደቡባዊ አፍሪካ ይኸው ክምር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ያለው ሆኖ ስለሚገኝ የጥንቱን የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች እንደ መዝገብ እየሰነጠቁ ያነቡታል። ስሕተት የሚፈጠረው የአሞራና የንስር ኩስም ነጭ በመሆኑ ነው። የወፏ ከጎጆ ወይም ከማረፊያ ጫፍ ተረጭቶ ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን የሽኮኮው ከስንጥቅ አፍ ይጀምራል፤ አጠገቡም ድብልብል በጠጥ ተከምሮ ይገኛል። በጠጡ ጠቆር ብሎ እርጥበት ካለው ቤቱ ሰው አለበት ማለት ነው፤ ነጣ ብሎ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ ለቀውት ሄደዋል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ከዋዜማው የትኛው የቋጥኝ ፊት የመጀመሪያዋን ፀሐይ እንደሚያገኝ ማየት ያስፈልጋል፤ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ነው። በማግስቱ ፀሐይዋ ድንጋዩን ሳትነካ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከ30 እስከ 40 ሜትር ርቆ ቁጭ ማለት ነው። መቀመጡ ዋና ነገር ነው። በሰማዩ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ከሩቅ ይለያል። ብዙ ሰው ፀሐይን ከኋላዬ ላድርግ፣ ብርሃኑ ዓይኑን ያጥበረብረዋል ይላል፤ በሽኮኮ ላይ ይህ አይሠራም። በዓይኑ ውስጥ ጥላ የሚሆን ክዳን ስላለው ወደ ፀሐይ ትክ ብሎ ማየት ይችላል። ዋናው ጠላቱ ጥቁሩ ንስር ነውና ከፀሐይ በኩል የሚመጣውን ካላየ አይተርፍም። ፀሐይን ከኋላ ማድረግ የሚጠቅመው ለተመልካቹ ዓይን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ትልቅ ነው፤ አፍንጫውን ብቻ ያወጣና ይቆያል። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከተሉና ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ለጥ ይላሉ፤ ጎናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ጸጉራቸውን ነፍተው። ከ2 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ዱልዱም ነገር ሁሉ ዳቦ መስሎ ይደረደራል። በጀርባቸው መካከል ቀለሙ የተለየ ጸጉር አለ፤ ሲቆጡ ወይም ሲደነግጡ ይቆምና ሥሩ ያለው ዕጢ ይታያል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ጥበቃ ቆሟል። እሱ ሲጮህ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይሰወራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ አለቀ ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። ሳይነቃነቁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መቆየት ነው፤ ፀሐይዋ ስለምትስባቸው ይመለሳሉ። ደመና ካለ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ከጣለ አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያሉ። በቴብል ተራራ ሰው ብስኩት እያበላ ስላለመዳቸው እጅ ላይ የሚነክሱ ሆነዋል። የእኛዎቹ እስካሁን ሰው ይሸሻሉ፤ እንዲያ ቢቀጥሉ እንወዳለን።

ሚርካቷም የምትታየው በዚሁ ሥርዓት ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሚርካቶችን በየቀኑ ሲከታተሉ ኖረዋል፤ እንስሶቹ ሰው ለምደው በተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪ ተታለው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ጎብኚ የሚወሰደው ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ጉድጓዱ አፍ ነው። ፎቶው ላይ ያያችሁት አቋቋም የሆዷን ስስ ጸጉር ለፀሐይ ሰጥታ መሞቋ ነው፤ ደኅና ከሞቀች በኋላ ነው ለአደን የምትበተነው። ከዚያ ወዲያ መከተል ሩጫ ይሆናል።

ለእንሽላሊት ከተማ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። የጎንደር የድንጋይ ካብ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የፍርስራሽ ግድግዳ ሁሉ ቤቱ ነው። ራሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ሰው ገበሎ የሚለው ትልቅ እንሽላሊት ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ በደንብ ይታያል፤ ቀትር ላይ ድንጋዩ ሲግል ወደ ጥላ ይገባል። ወንዱ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ከፊት እግሮቹ ሲነሣና ሲወርድ ሰላምታ አይደለም፤ ይህ ግዛቴ ነው እያለ ነው። ሲፈራ ቀለሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀለሙ መጥፋት ከጀመረ ተጠግተናል ማለት ነውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ቀጥታ ወደ እሱ ከመሄድ በአግድሞሽ፣ ሌላ ቦታ የሚሄዱ መስሎ መቅረብ ይሻላል፤ ጥላዎ በላዩ ካረፈ አበቃ። ዛፍ ላይ ያለው ሁልጊዜ ግንዱን ዞሮ በማዶ በኩል ይሸሸጋል። መፍትሔው ሁለት ሰው መሆን ነው፤ አንዱ ባለበት ቁጭ ይላል፣ ሌላው በርቀት ቀስ ብሎ ይዞራል፣ እንሽላሊቱ ከዞረው ሰው ሲሸሽ ራሱ ወደ ተቀመጠው ፊት ይመጣል። የአገር ቅርስ ከሆነ ግድግዳ ግን ድንጋይ መፈንቀል፣ በስንጥቁም እንጨት መስደድ ነውር ነው። ለእጅም አደገኛ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም።

የደቡቦቹ እንሽላሊቶች ሙቀትን የሚያስተዳድሩበት ዘዴ ደግሞ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። በናሚብ በረሃ አሸዋው ሲግል አንዲት እንሽላሊት በሰያፍ አንድ የፊትና አንድ የኋላ እግሯን አንሥታ ታቆያለች፤ ከዚያ ትለዋውጣለች፤ የምትጨፍር ትመስላለች። እዚያው የሚኖረው የመሬት እስስት ጧት ሙቀት ለመሳብ ይጠቁራል፤ ቀትር ላይ ብርሃን ለመመለስ ይነጣል፤ አንዳንዴም ፀሐይ ያረፈበት ጎኑ ብቻ ጠቁሮ ይታያል። ሰውን በእስስት የሚሰድብ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር፤ እስስት ቀለም የምትቀይረው በዋናነት ለመሞቅ፣ ለመቀዝቀዝና ከሌላ እስስት ጋር ለመነጋገር ነው።

እስስትን በቀን መፈለግ ዓይን ማድከም ነው። በሌሊት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ በባትሪ ትገኛለች። በቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው የምትተኛው፤ አይጥ ወይም እባብ ሊይዛት ሲመጣ ቅርንጫፉ ስለሚነቃነቅ ይቀሰቅሳታል። ተኝታ ሳለ ቀለሟ ይገረጣል። ቅጠሉ በባትሪው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ሲያልፍ በመካከሉ ወደ ነጭ የቀረበ፣ የበቆሎ ልብስ የሚያህል ሞላላ ነገር ድንገት ይታያል፤ ጅራቷ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሏል፣ ዓይኖቿ ተከድነው ሁለት ትንንሽ ጉብታ ሆነዋል፣ እግሮቿ እንጨቱን እንደ ጉጠት ጨብጠዋል። አጥርና ቁጥቋጦን ከወገብ ከፍታ ጀምሮ ከራስ በላይ እስኪደርስ በዝግታ መጥረግ ነው። ብርሃኑን ከአንድ ደቂቃ በላይ ማሳረፍ አይገባም፤ መጥቆር ከጀመረች እየነቃች ነው፤ ቀጥላ ትወድቃለች ወይም ትወርዳለች፣ ከዚያም ሌሊቱን ለድመት ሲሳይ ናት። ቅርንጫፉን መስበር፣ በእጅ ማውረድ አያስፈልግም። መርዝ ግን የላትም፤ የትኛዋም እስስት የላትም።

ባትሪ አያያዝ ላይ አንድ ቃል። ብዙ ሰው ባትሪውን በወገቡ ትክክል ይዞ ያበራና ምንም አላየሁም ይላል። የእንስሳ ዓይን ብርሃኑን የሚመልሰው ወደመጣበት ነው። ስለዚህ መብራቱ ከተመልካቹ ዓይን አጠገብ፣ ግንባር ላይ ወይም ጆሮ ግንድ ላይ መሆን አለበት። ኃይለኛ መብራት አያስፈልግም፤ ከ100 እስከ 200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፤ ቀይ ፕላስቲክ ቢለጠፍበት እንስሳው እምብዛም አይሸሽም። ሣር ውስጥ እንደ ጤዛ ብልጭ የሚሉ ሰማያዊ አረንጓዴ ነጠብጣቦች የሸረሪት ዓይኖች ናቸው። የጥንቸል ወደ ቀይ ያደላል፤ የድመት ወገን ወደ ቢጫ አረንጓዴ። ከጉልበት በላይ ከፍ ብለው ተራርቀው የሚያበሩ ዓይኖች ካሉ ውሻ ነው፣ ወይም ጎንደር ነውና ጅብ ነው፤ ለማጣራት አይጠጉ። ደማቅ ጨረቃ ባለበት ሌሊት አይጥና መሰሎቹ ጉጉት እንዳያያቸው ከተደበቁበት አይወጡም፤ ጨረቃ የሌለበት ሳምንት ይመረጣል። ለዚህ ሥራ ከራስ ግቢ ወይም ከጎረቤት አጥር መራቅ አይመከርም። የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ከሁሉ የበለጡ ናቸው፤ ግን ገበዙን ወይም አስተዳዳሪውን በቀን አስፈቅዶ ነው፣ ማኅሌት በሚቆምበት ሌሊትም ባትሪ ይዞ መዞር አይገባም።

የማይታዩትን ለማየት አመድ ይበቃል። በወንፊት የተነፋ የምድጃ አመድ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበተንና ማታ ከግድግዳ ሥር ይቀመጣል፤ ትናንሽ እንስሳት ሜዳ ከማቋረጥ ግድግዳ ይዘው መሄድ ይወዳሉና። ከወፈረ ዱካው ይፈርሳል፤ ከሳሳ ጣት አይወጣም። ደቡቦቹ ማባበያ ሲያደርጉ የለውዝ ቅቤ በአጃ ያሽታሉ፤ እዚህ አጃውን በበሶ መተካት ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በየቀኑ ከተደገመ ግን የቤት አይጥ መጋበዝ ይሆናል። ንጋት ላይ ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በጎን ማብራት ነው፤ ጥላው ጣቱን ያወጣዋል። የአይጥ ወገን ከፊት አራት፣ ከኋላ አምስት ጣት ያትማል። ከፊትም ከኋላም አምስት ከሆነ አፈ ሹሏ ነፍሳት በል ናት፤ አይጥ ትመስላለች እንጂ አይጥ አይደለችም። በእግሮቹ መካከል ቀጭን መስመር ተስቦ ካለ የእንሽላሊት ጅራት ሊሆን ይችላል። ጃርት ካለፈች ከዱካዋ ጋር እሾኋ የቧጨረው ጭረት ይታያል። እሾኋን ትወረውራለች የሚባለው ተረት ነው፤ ጀርባዋን አዙራ ትገፋለች፣ የላላው እሾህ የነካውን ወግቶ ይቀራል። በክረምት ጤዛና ካፊያ አመዱን ስለሚያቦካው ከጣሪያ ጠፈጠፍ ውስጥ ማስገባት ነው። በናሚብ ጠረፍ ስዋኮፕመንድ በተባለችው የናሚቢያ ከተማ አስጎብኚዎች ከአሸዋው ላይ ይህንኑ ንባብ ጧት በማለዳ ያነቡታል፤ ነፋስ ከተነሣ ገጹ ይጠረጋልና። ሰውነቷን በአሸዋ ቀብራ ዓይኗን ብቻ የምታወጣውን፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጠውን የአሸዋ እፉኝት የሚያገኟት በዱካዋ ነው።

በእንቅስቃሴ የሚነሣ ካሜራ ያለው ሰው ዘወትር የሚሳሳተው ለሚዳቋ እንደሚሰቅለው ወገብ ላይ በመስቀሉ ነው። ለትንሽ እንስሳ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው ከፍታው። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ያለውን አጥርተው አያነሡም፤ ከአሮጌ የንባብ መነጽር የወጣ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ዲዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ ነው) ብርጭቆ ፊቱ ላይ ቢለጠፍ ይስተካከላል። የሌሊቱ መብራት በቅርብ ስለሚያነጣው በላዩ አንድ ድርብ ነጭ የቁስል ፕላስተር ማድረግ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካዞሩት ጧትና ማታ ፀሐይ ያነሣል፤ ፊቱ ያለውን ሣር ካላጨዱ ሌሊቱን ሙሉ የሚወዛወዝ ሣር ያነሣል። አንድ ሺህ የሣር ፎቶ አይቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ብዙ ነው። በወጥመድ መያዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ማለዳ ያልታየ ወጥመድም ውስጡ ያለችውን በብርድ ወይም በፀሐይ ይገድላል።

ኤሊ ያገኘ ሰው ወዲያው ያነሣታል። አያንሧት። ስትደነግጥ ያጠራቀመችውን ውኃ ትሸናለች፤ በበጋ ለወራት የምትኖርበት ስንቋ እሱ ነው፤ ጎብኚው ፎቶ ተነሥቶ ሲሄድ እሷ በጥም ልትሞት ትችላለች። መንገድ ላይ ከሆነች ብቻ፣ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጎ፣ ስትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ማሻገር ይፈቀዳል። ወደመጣችበት ከመለሷት ተመልሳ ያንኑ መንገድ ታቋርጣለች።

ስለ እባብ ሲነሣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 የእባብ መነደፍን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ወፍራሙ እፉኝት አደገኛነቱ ባለመሸሹ ነው፤ በቀለሙ ተማምኖ መንገድ ዳር ይተኛል፣ ሰው ይረግጠዋል። ስለዚህ ማታ ያለ ባትሪና ያለ ቡትስ አለመሄድ፣ ግንድ ሲያጋጥም ከማዶው ያለውን ሳያዩ አለመሻገር፣ እጅን በማይታይ ቦታ አለማስገባት፤ ከዚህ ሌላ ብልሃት የለም። ካዩት ከ3 ሜትር በላይ ርቆ ቆሞ ማየት ይበቃል። መርዝ ያለውንና የሌለውን ለይቼ አውቃለሁ ባዩ ነው ቀድሞ የሚነደፈው፤ ለይቶ ማወቅ ለመጠጋት ፈቃድ አይደለም። የተነደፈ ሰው ካለ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሠር ጉዳቱን ያብሳል። ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ እጁ ወይም እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ ሰውየውን ሳያስሮጡ ሆስፒታል ማድረስ ነው። የገፈፈውን ቆዳ አግኝቶ እባቡን በቆዳው ርዝመት የሚለካም አለ፤ ቆዳው ሲወልቅ ስለሚለጠጥ ከባለቤቱ ይረዝማል። በየግቢው አይጥ የሚለቅመው፣ መርዝ የሌለው ቡናማ የቤት እባብ ደግሞ ከእፉኝት ጋር እየተቆጠረ ይቀጠቀጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ፤ እዚህ የሚመታው አይጡን የሚበላው ነው።

አቅሙ ኖሯቸው ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ ለሚሄዱ አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ክረምት በምንለው በሐምሌና በነሐሴ የእነሱ ብርድ ነው። ሣሩ ስለሚሳሳና ውኃ ስለሚጠፋ ትልልቁ እንስሳ በደንብ ይታያል፤ እባብ፣ እስስትና ኤሊ ግን አብዛኛው ተደብቋል። እነሱን የሚፈልግ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሂድ። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ውስጥ ከተፈቀደ ቦታ በቀር ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ትንሹን እንስሳ የሚያዩት በማረፊያ ሰፈሮቹ ቅጥር ውስጥ በእግር ሲዞሩ ነው፤ ከዛፎቹ ላይ ራሱ ሰማያዊ እንሽላሊት፣ ማታ መብራት ሥር ጌኮ የሚባለው የሌሊት እንሽላሊት። በዚያው በደቡብ አፍሪካ፣ የአውግራቢስ ፏፏቴ ድንጋዮች ላይ ያሉት ዝርግ እንሽላሊቶች ወንዶቹ ባለብዙ ቀለም ናቸው፤ ሰው ስለለመዱ ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም። ለሌላው ቦታ 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ በቅርቡ ከ2 ሜትር ጀምሮ የሚያጠራ ይሻላል፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

ፎቶውን ሲለጥፉ ትክክለኛውን ቦታ አይጻፉ። ጅራቷን ነክሳ ቀለበት የምትሆነው የደቡብ አፍሪካዋ እሾሃም እንሽላሊት፣ ሲያድጉ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚደርሱት የናማኳላንድ ትንንሽ ኤሊዎችም በሕገወጥ ነጋዴ ይፈለጋሉ፤ ነጋዴው ደግሞ ፎቶ አንባቢ ነው። እኛም «ጎንደር አካባቢ» ብለን ብንተወው ምንም አይጎድልብን።

ዝግጅት ክፍሉ የተሳሳተውን መግለጫ በሚቀጥለው እትም እንዲያርምልን እንጠይቃለን። ቃሉም ይህ ይሁን፤ «በፎቶው የምትታየው ሚርካት ናት፤ ከጉድጓዷ ወጥታ ሆዷን ፀሐይ እያሞቀች ነው»። ፎቶ አንሺያችሁ የሽኮኮውንም ማንሣት ከፈለገ ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ከዋዜማው ደባርቅ ቢያድር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች
ከጎንደር